በአማርኛ የተሳለው ሰዓት

ይሄን ታሪክ ሰምቶ "ውሸት ነው" የሚል አይጠፋም። አልፈርድበትም፤ እኔም የሰፈር ሰው አምኖኝ አያውቅም። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ግን ማርያምን እላለሁ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። ሎሚው እውነት ነው፣ ሰዓቱ እውነት ነው፣ ግመሉም እውነት ነው። በተለይ ግመሉ። የተጠራጠረ ዐረብ አገር፣ አል ዐይን ድረስ ሄዶ ይጠይቅ፤ ታክሲውን ግን ራሱ ይክፈል።

ደረጀ የሚባል ሰው ነበረ። አሁንም አለ፤ "ነበረ" ያልኩት ለወጉ ነው። አል ዐይን ካለ ችግኝ ጣቢያ አበባና ዛፍ በፒክአፕ እየጫነ በየቪላው የሚያደርስ ሹፌር ነው። ማደሪያው አቡ ዳቢ፣ አል ዛሂያ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ መላኩ ከሚባል የሆቴል ዘበኛ ጋር የሚጋራት ክፍል ናት። ሃምሳን ሊያንኳኳ የተቃረበ፣ መዳፉ የእሾህ ጠባሳ የሞላው፣ ዝም ሲል የተናደደ የሚመስል፣ ሲናደድ ደግሞ የሚስቅ ሰው ነው።

አንድ ቀን ፈላጅ ሃዛ የሚባል የአል ዐይን ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ ቪላ ሎሚ ይዞ ሄደ። ከመኪናው ሲያወርደው እሾሁ መዳፉን ዘልቆ ወጋው። ሰው የለም ብሎ ሎሚውን፣ የሎሚውን ዘር ማንዘር፣ ሎሚ የሚበላውን ሁሉ በአማርኛ አወረደበት። ከበሩ ጀርባ የሴት ድምፅ መጣ።

"እኔም ሎሚ እበላለሁ። እኔን ከስድቡ አውጣኝ።"

በሩ ሲከፈት ጥቁር ዓባያ የለበሰች፣ ፊቷ የወሎ የሆነ ሴት ቆማለች። ደረጀ የቤቱ ሠራተኛ መሰለችው።

"እህቴ፣ ይቅርታ። ማዳምሽን ጥሪልኝ፣ ትፈርምልኝ።"

"እሺ ወንድሜ" ብላ በሩን ዘጋች። ትንሽ ቆይታ መልሳ ከፈተችው። "አቤት። ማዳሟ እኔ ነኝ።"

እንዲህ ነው የተዋወቁት። ዓለምነሽ ትባላለች። ከብዙ ዓመት በፊት የመጣችው እውነትም ለቤት ሥራ ነበር፤ ሚስቱ ሞታበት ሕፃን ልጅ ታቅፎ የቀረ የአገሩ ሰው ቤት። ልጅቷን፣ ሐፍሳን፣ አሳደገች። አባትየው አገባት፤ ሃይማኖቷን አልነካባትም። ውሎ አድሮ የአገሩን ዜግነት አገኘች። እሱ ከሞተ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ሐፍሳም አግብታ አቡ ዳቢ፣ አል ፈላሕ ገብታለች። ለዓለምነሽ የቀራት ሰፊ ቪላና ራቁቱን የቀረ ግቢ ነው።

ግቢው ራቁቱን አልከረመም። ደረጀ በሳምንቱ "የሎሚውን ጤና ልይ" ብሎ ተመለሰ። በሌላው ሳምንት ሮማን ይዞ መጣ፣ ከዚያ ጃስሚን፣ ከዚያ በለስ። እሷም ለየዛፉ ውሃ ስታጠጣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለመጣህ" ትላለች፤ ለሰው እንደምትለው። ግቢው እንዲህ ሆኖ ጥቅጥቅ አለና፣ ከሌላ አገር የጠፋ ወፍ ሁሉ እዚያ ተገኘ ይባላል። ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ጫካ ተፈጠረ ብሎ ካርታ ላይ ሊያስገባው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከሎሚው ጥላ ስር፣ ደረጀ የልቡን ተናገረ። ዓለምነሽ መሬት መሬት አየች።

"ደሬ፣ እኔም አንድ ነገር ልንገርህ፤ ከዚያ መኪናህን አስነሳ። ደሜ ውስጥ ኤች አይ ቪ አለ። ባሌም ነበረበት። ማን ለማን እንዳመጣው አልተጠያየቅንም፤ ተደጋግፈን ታከምን። ክኒኔን በየቀኑ እወስዳለሁ። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ወርዷል፣ እንዲህ ሆኖ ከቆየ ለባል አይተላለፍም ብላኛለች ዶክተሯ። አንተ ግን የውጭ ሰው ነህ። ኢቃማህን፣ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ ስታድስ ደምህን ያያሉ፤ የተገኘበትን ወደ አገሩ ነው የሚሸኙት። እንግዲህ እወቀው።"

ደረጀ ተነሳ። መኪናውን አስነሳ። ሄደ።

ዓለምነሽ የሎሚውን ግንድ ተደግፋ ቀረች። አልጠላችውም። ሰው ሲፈራ አይታለች፤ ይሄኛው ቢያንስ በሩን በቀስታ ነው የዘጋው።

አል ዐይንን የሚያውቅ አደባባዮቿን ያውቃል። ደረጀ አንዱን አደባባይ ያዘና ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ የሰዉ ክላክስ እስኪደክም ዞረ። ከዚያ ተመልሶ በሩን አንኳኳ።

"መኪናህን አስነሳ አልሽኝ፣ አስነሳሁት። አሁንስ ምን ላድርግ?"

እሷ እየሳቀች አለቀሰች። ደረጀ ግን አላለቀሰም። ዓይኑ ውሃ ያዘለው ሎሚውን ነክቶ ስላሸው ነው።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ሠርግ ተበልቶ ነበር። ግን ዓለምነሽ መርሳት ጀመረች። ቁልፏ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተገኘ። ድስት ጥዳ ረሳችው። ሐፍሳን በሟች እናቷ ስም ጠራቻት። አንድ ጠዋት ደግሞ ክኒኗን መዋጥ አለመዋጧ ጠፍቶባት ብልቃጡን ይዛ ቆማ ቀረች። ያቺን ክኒን "እግዜር ይስጥልኝ" ሳትላት የዋጠችበት ቀን የለም፤ እንዴት እንዲህ ትረሳታለች?

ለዶክተሯ ነገረቻት። ዶክተሯም ቫይረሱ ይዟቸው ብዙ ዓመት የኖሩ ሰዎች አንዳንዴ የማስታወስና የማሰብ ችግር እንደሚገጥማቸው፣ ስለዚህ በጊዜ መታየት ደግ እንደሆነ፣ ምክንያቱ ከተገኘ ብዙ የሚደረግ ነገር እንዳለ አስረዳቻት። ምርመራው ቀላል ነው፤ ጥያቄና ሥዕል ብቻ። መርፌ የለውም።

ዓለምነሽ ግን የሰማችው ሌላ ነው። "ካለፍኩ አገባሃለሁ" አለችው ደረጀን። "ከወደቅኩ ኸላስ፣ በቃ። ስምህን የምትረሳ ሚስት ታቅፈህ አታረጅም። ባሌን አስታምሜ ቀብሬያለሁ፤ ማስታመም ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በሰው ላይ አልጭነውም።"

"እኔን ሳትጠይቂ?"

"አንተን ብጠይቅማ እሺ ትላለህ። ለዚህ አይደል የማልጠይቅህ።"

የምርመራው ቀን ሐፍሳ ክሊኒኩ በር ላይ ልትጠብቃቸው ተስማምታ፣ ደረጀ ዓለምነሽን በፒክአፑ ይዞ ወጣ። የጽጌረዳ ችግኝ በማሰሮ አምጥቶላት ነበር፤ ጭኗ ላይ አድርጋ ይዛለች። መንገዱን በሙሉ እሱ መስታወቱን አስተካክሎ ያያታል። እሷ እያየችው እንዳልሆነ ለማስመሰል ወደ መንገዱ ዞራለች፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

አቡ ዳቢ መግቢያ ላይ መብራት ያዛቸው። ጎናቸው ሌላ ፒክአፕ ቆመ፤ ጀርባው ላይ አንድ ግመል ታስሮ ተንበርክኳል። የዓለምነሽ መስኮት ክፍት ነበር። ግመሉ አንገቱን ዘረጋ፣ በመስኮቱ ጭንቅላቱን አስገባ፣ ጽጌረዳዋን ከነቅጠሏ ቀነጠባት። ሳይቸኩል አኘከ። ውጦ ሲያበቃ ዓለምነሽን ቁልቁል አያትና "ሌላ የለሽም?" በሚል ዓይነት ከንፈሩን ጣለ። ባለቤቱ በመስኮት ብቅ ብሎ "መዓሌሽ፣ መዓሌሽ" ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። መብራቱ ለቀቀ። ግመሉ በክብር ሄደ።

ማሰሮዋ ጭኗ ላይ ባዶዋን ቀረች።

"ደሬ" አለች ዓለምነሽ ቆይታ፣ "ይሄን ግን እስክሞት አልረሳውም።"

ደረጀ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። እንዲያ ስትል ሰምቶ፣ ምን ፈተና ነው የሚያስፈልጋት አለ በልቡ።

ሐፍሳ በሩ ላይ ነበረች። ይቺ ልጅ አማርኛ ትችላለች፤ የተማረችው ግን ከዓለምነሽ አፍ ብቻ ስለሆነ፣ እና ዓለምነሽ እሷን "አንቺ" እያለች ስላሳደገቻት፣ ወንዱንም ሴቱንም "አንቺ" ነው የምትለው።

"ደረጀ፣ አንቺ እዚህ ጠብቂ" አለችው። "እኔ ከማማ ጋር እገባለሁ።"

ፊቷ ጨካኝ አልነበረም፤ ጠርጣራ ነበር። አንድ ሹፌር ቪላ ያላት መበለት ቤት ዛፍ ሲያመላልስ ልጅ ብትጠረጥር ምን ይፈረድባታል? ደረጀም አልፈረደባትም።

ብቻ ከመግባታቸው በፊት አንዲት ነርስ በአማርኛ በስልክ ስታወራ ሰማ። ሕይወት ትባላለች፤ አቡ ዳቢ ተወልዳ አቡ ዳቢ ያደገች የጰንጠቆስጤ ቤተሰብ ልጅ። ደረጀ ጠጋ አላት።

"የኔ ልጅ፣ ምርመራውን የምታደርጊው አንቺ ነሽ?"

"አዎ ጋሼ። በዐረብኛ ነው የምንሰራው።"

"ዐረብኛ ትችላለች። ግን የሰው ቋንቋ ነው፤ ስትጨነቅ ይጠፋባታል። በአማርኛ ጠይቂልኝ። በሞቴ።"

ሕይወት ዶክተሯን አስፈቅዳ መጣች። "ኦኬ፣ በአማርኛ" አለችው ፈገግ ብላ። ደረጀ ለዓለምነሽ በሕይወቱ ከሰጣት ስጦታ ሁሉ፣ ከሎሚውም፣ ይሄኛው እንደሚበልጥ ተሰማው።

ዓለምነሽ የወጣችው ዓባያዋ እስኪንቀጠቀጥ እየሳቀች ነበር። "ሥዕል አሳየችኝ። እንስሳቱን ጥሪ አለች። አንበሳ አልኩ። ቀጥላ ምን ብታወጣ ጥሩ ነው? ግመል። ሳቄን እንዴት ላቁመው? ልጅቷ ደነገጠች፣ ጽፋብኛለች መሰለኝ።"

ሦስቱም ሳቁ፤ ሐፍሳ እንኳ። ደረጀ ያን ቀን የተሰማውን ሲያወራ፣ ሠርጉ ያኔውኑ የተደገሰ ያህል ነው ይላል።

ውጤቱ የደረሰው ከቀናት በኋላ ነው። ይዛ የመጣችው ሐፍሳ ናት፤ ችግኝ ጣቢያው ድረስ፣ በዚያ ሙቀት። መኪናዋን ደረጀ የተምር ችግኝ በሚያጠጣበት አጠገብ አቆመችና የመድኃኒት ቤት የወረቀት ከረጢት ዘረጋችለት።

"ማማ ላከችልሽ።"

ከረጢቱ ጀርባ ላይ በእስክርቢቶ ሰዓት ተስሏል፤ ክብ፣ ቁጥሮቹ በየቦታቸው። አጭሩ ቀስት አምስት ላይ፣ ረጅሙ ሁለት ላይ። ከስሩ የዓለምነሽ ጽሕፈት፦

"ደሬ፣ ልጅቷ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ የሚል ሰዓት ሳዪ አለችኝ። ይኸው እንዲህ ነው የሳልኩት። ልክ አይደለም ተባልኩ። ቀኑንም አላወቅሽም ተባልኩ። ሌላ ረጅም ምርመራ ይኖራል አሉኝ። ስህተቱ የት ጋ እንደሆነ እንኳ አይታየኝም፤ ያስፈራኝ እሱ ነው። እንደተባባልነው ነው፣ ኸላስ። ሎሚውን እኔ አጠጣዋለሁ። ለሁሉም እግዜር ይስጥልኝ።"

ደረጀ ሁለቴ አነበበው። አላለቀሰም፤ በዚያ ሰሞን አሸዋ ያዘለ ንፋስ ነበር።

"ደህና ናት?" አለ።

"ክፍሏን ዘግታለች። አትበላም።" ሐፍሳ መሬቱን በጫማዋ ጫረች። "ደረጀ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አሁን ታማለች ቢሉሽ፣ ትሄጂያለሽ፣ አይደል?"

"ወዴት ልሂድ?"

ሐፍሳ አየችው። መኪናዋ ውስጥ ገባች። መኪናዋ ከሄደ በኋላም ደረጀ ቱቦውን እንደያዘ ነበር፤ የተምሯ ችግኝ ባሕር ውስጥ ቆማለች።

አንባቢዬ፣ ነገሩ ቀድሞ ከገባህ ዝም በል። ደረጀ አልገባውም።

አል ዛሂያ ክፍሉ ገብቶ ከረጢቱን ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ቀረብ ብሎ አየው፣ ራቅ ብሎ አየው። አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር። አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ነው እኮ። መላኩን ጠራው።

"ይሄ ሰዓት ስንት ይላል?"

መላኩ የዘበኛ ሸሚዙን እየቆለፈ አየው። "አሥራ አንድ ከአሥር። ምነው፣ ልትሸጥልኝ ነው?"

"ስህተት አለው ተብሏል።"

"የቱ ጋ?"

"አይታየኝም።"

መላኩ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ሁለቱ ጎልማሶች ሥዕሉን እንደ ፈተና ወረቀት አፈጠጡበት። "ደረጀ" አለ መላኩ በመጨረሻ፣ ድምፁ ቀዝቅዞ፣ "ለሷ ያልታያት ለኛም ካልታየን፣ እኛም አእምሯችን ሄዷል ማለት ነው።"

"እኔም እሱን ነው የማስበው።"

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሕይወት ከክሊኒኩ ስር ባለው ካፍቴሪያ ከረክ የሚሉትን የወተት ሻይዋን ይዛ ሳለ፣ ሁለቱ መጥተው ፊቷ ቆሙ።

"ጋሼ፣ ስለ ታካሚ ማውራት አልችልም" አለች ገና ከረጢቱን ሲያወጣ።

"ስለ እሷ አይደለም የመጣሁት። ስለ ራሴ ነው። እኔም መመርመር እፈልጋለሁ። ይሄም ወንድሜ።"

"እኔ ግዴለም" አለ መላኩ።

ሕይወት መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። የደረጀን ዓይን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። ሁለት ናፕኪን አወጣች፣ እስክርቢቶ ሰጠቻቸው። "እሺ። ሰዓት ሳሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ።"

ደረጀ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ሳለ። መላኩም ሳለ፤ ከላዩ ላይ የሆቴሉን ኮከቦች ጨመረበት። ናፕኪኖቹን ከከረጢቱ ጎን አስቀመጡ። ሦስቱም ላይ አጭሩ ቀስት አምስት ላይ፣ ረጅሙ ሁለት ላይ።

ሕይወት ናፕኪኖቹን አየች። ሰዎቹን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዓይኗ ሞላ፤ ሻይዋን ትታ፣ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች።

መላኩና ደረጀ ተያዩ።

"ወድቀናል" አለ መላኩ።

"ወድቀናል" አለ ደረጀ። "ልጅቷ አለቀሰችልን።"

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ዜና ይደቆስ ነበር። ደረጀ ግን ፒክአፑ ውስጥ ሲገባ ፊቱ እየበራ ነው። መላኩ "ወዴት ነው?" ቢለው "አል ዐይን" አለ። "እንዲህ ሆነህ መንዳት ትችላለህ?" ቢለው ሞተሩን አስነሳ። መንገዱን እንዴት እንደጨረሰው አያስታውስም፤ እሱንም የበሽታው ምልክት አድርጎ ቆጠረው።

ፈላጅ ሃዛ ሲደርስ በሩን የከፈተችው ሐፍሳ ናት። ሊታገላት ተዘጋጅቶ ነበር። እሷ ግን ከፊቱ ዞር አለችና ወደ ግቢው አመለከተችው። "ሎሚዋ ስር ናት። ላንቺ አልከፍትም ብላ ነበር፤ እኔ ከፈትኩ።"

ዓለምነሽ የሎሚውን ግንድ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከሳ ብላለች። ቀና ብላ አየችው፤ በዚያ እይታ ውስጥ ናፍቆትም ቁጣም ነበረበት።

"ደረጀ፣ ተነጋግረን ጨርሰናል።" ደሬ አላለችውም።

"አልጨረስንም። ወድቄያለሁ።"

"ምኑን?"

"ፈተናውን። ለዚያች ለነርሷ ሰዓት ሳልኩላት። እንደ አንቺ አድርጌ ነው የሳልኩት፣ ቁርጥ እንደ አንቺ። አይታ እያለቀሰች ሮጠች። መላኩም ወድቋል፤ የሱ ግን አይገርምም።"

ዓለምነሽ አፏን ከፍታ ቀረች።

ደረጀ መሬት ላይ፣ ከፊቷ፣ ቁጭ አለ። "አንቺ በሰው ላይ ሸክም አልሆንም አልሽ። እሺ። እኔ ጤነኛ፣ አንቺ በሽተኛ ሆነን ነበር ነገሩ የከበደሽ። አሁን እኩል ነን። ሁለት የወደቀ ሰው ቢጋባ ማን ማንን ይሸከማል? አንቺ የረሳሽውን እኔ አስታውሳለሁ፣ እኔ የረሳሁትን አንቺ። ሁለታችንም ከረሳነው፣ ነገሩ መጀመሪያውኑ አያስፈልግም ነበር ማለት ነው።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ስሜን ብትረሺው በየቀኑ እነግርሻለሁ። ደረጀ እባላለሁ፣ ሎሚ ይዤ መጣሁ እልሻለሁ። አንቺም ከስድቡ አውጣኝ ትይኛለሽ። እንደገና እንተዋወቃለን። ምኑ ይከፋል? እኔ ያን ቀን በየቀኑ ብኖረው አልጠግበውም።"

የጃስሚኑ ቅጠል ላይ ወፍ ተጯጯኸ። ከዚያ የዓለምነሽ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ደረጀ አልለየውም።

"አንተ ጅል" አለችው። "እኔን ብለህ ራስህን አስመረመርክ?"

"ስህተቱ አልታይ ሲለኝ ምን ላድርግ?"

"ደሬ።"

"አቤት።"

"ብወድቅም እሺ።" እጇን ጠባሳ በሞላው መዳፉ ላይ አኖረች። "ሰምተኸኛል? ባልፍም፣ ብወድቅም። እሺ ብያለሁ።"

ደረጀ አላለቀሰም። ለምን እንደሚያለቅስ እንጃ፤ ምናልባት ሽንኩርት የሚከትፍ ጎረቤት ነበረ።

ልክ በዚህ መሃል የሐፍሳ ስልክ ጮኸ። ሕይወት ናት። ሐፍሳ ቀረብ ብላ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ መሃላቸው አስቀመጠችው።

"እማማ ዓለምነሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች ልጅቷ፣ እየተንተባተበች። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እርስዎ የሳሉት በአማርኛ ሰዓት ነው። ትክክል ነበር። እኔ እዚህ ተወልጄ የማውቀው የእንግሊዝኛውን ነው፤ በአማርኛ ጠይቄ በእንግሊዝኛ አረምኩት። እነዚያ ሁለት ጋሼዎች ሲስሉ ነው የገባኝ። ዓመተ ምሕረቱንም ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ያሉኝ የኢትዮጵያን ነው፣ አይደል? ቀኑን ስጠይቅዎት ደግሞ 'ሚካኤል' አሉኝ፤ እኔ የሰው ስም መስሎኝ ግራ ገባኝ። አሁን እናቴን ጠየቅኳት፤ አሥራ ሁለተኛው ቀን ሚካኤል ነው ብላ ሳቀችብኝ። ለዶክተሯ ነግሬያታለሁ። ከአዲስ እንጀምረው ብላለች።"

በዐረብኛ ጠይቀዋት ቢሆን ዓለምነሽ ቀኑንም ሰዓቱንም እንደ አገሬው ሰው ትመልስ ነበር፤ ስንት ዓመት የኖረችበት ነው። ጥያቄው በአማርኛ ሲመጣ ግን ልቧም አገሯ ገባ። ደረጀ በሞቴ ብሎ የለመነላት ስጦታ ነው የጣላት። ይሄ ሲገባው ግንባሩን ያዘ።

ዓለምነሽ ሳቀች። ወፉ ሁሉ ከጃስሚኑ ላይ እስኪነሳ ሳቀች። "የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለች ወደ ስልኩ። "ስለደወልሽ። በአማርኛ ስለጠየቅሽኝም። ድጋሚም በአማርኛ ጠይቂኝ፤ ብቻ የማንን ሰዓት እንደሆነ ንገሪኝ።"

ድጋሚ ስትመረመር ዓለምነሽ ሁለት ሰዓት ሳለች፣ የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን፣ ጎን ለጎን። አለፈች። መርሳቷስ? ዶክተሯ በሌላም ምርመራ አይታ፣ ከባሏ ሞት ወዲህ ያጣችው እንቅልፍና ለማንም ሳትናገር የተሸከመችው ጭንቀት ነው ያደከማት ብላ ደመደመች። ለእሱም መላ ሰጠቻት። በየዓመቱ እየመጣሽ ትታያለሽ፣ የነገውን ማንም አያውቅም አለቻት በግልጽ። ዓለምነሽም "የዛሬው ይበቃኛል" አለች፤ ክኒኗን ከቦርሳዋ አውጥታ እንደ ልማዷ አመሰገነቻትና ዋጠቻት። ሕይወት ደግሞ ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያዊ በመጣ ቁጥር "በየትኛው ሰዓት ልጠይቅዎት?" ሳትል አትጀምርም።

ሲወጡ ሐፍሳ ደረጀን በር ላይ አስቆመችው። ጥርጣሬው ከፊቷ ጠፍቷል።

"ደረጀ፣ ስሚኝ" አለችው። "ማማን በደንብ ያዣት። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከረሳች አንቺ አስታውሻት። አንቺ ከረሳሽ እኔ አለሁ።"

ደረጀ አላረማትም። አንገቱን ብቻ ነቀነቀ፤ ዓይኑም ደረቅ ነበር።

እንግዲህ ታሪኩ ይሄ ነው። ሠርጉም ተሠርጓል፣ እኔም በልቻለሁ። መጀመሪያ ላይ ማርያምን ብዬ ምያለሁና በሐሰት እንዳልያዝ፣ አንዲት ነገር ከራሴ እንደጨመርኩ ልናገር። ግመሉን ከሆነ የጠረጠራችሁት፣ ተሳስታችኋል፤ ግመሉ ጽጌረዳዋን ከነቅጠሏ በልቷል። ከራሴ የጨመርኩት ደረጀ አላለቀሰም ያልኩትን ነው። ዓይኑን ያስለቀሰው ሎሚም፣ አሸዋውም፣ ሽንኩርቱም የኔ ፈጠራ ናቸው። ሁልጊዜም አልቅሷል። ያን ቀን ሐፍሳ ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እንደ ሕፃን፣ "ተመስገን" እያለ።